ሽብልቅና ጠፍር

ዐለት መውጣት በሁለት መንገድ ይከናወናል። በአንደኛው፣ ቀድሞ የመጣ ሰው ገደሉን በመሰርሰሪያ በስቶ ብሎን ተክሎበታል፤ ኋላ የሚመጣው ገመዱን ከብሎን ብሎን እያያዘ ይወጣል። በሁለተኛው መንገድ ገደሉ ባዶውን ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ ይታሰራሉ። መሪው መያዣዎቹን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ይነሣል፤ ስንጥቅ ባገኘ ቁጥር ልኩን መርጦ ይሰካል፣ ገመዱን ያሳልፍበታል፣ ይቀጥላል። ተከታዩ ከታች ሆኖ ገመዱን እየለቀቀ ይጠብቀዋል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ የተሰካውን ሁሉ እየነቀለ ይወጣል። ጫፉ ላይ ሲገናኙ ገደሉ ከመምጣታቸው በፊት እንደነበረው ሆኖ ይቀራል። በዓለም ተራራ ወጪዎች ዘንድ ባህላዊ የሚባለው አወጣጥ ይህኛው ነው።

ልዩነቱ ላይ ላዩን ሲታይ የመሣሪያ ይመስላል። መሪው ቢወድቅ የሚያተርፈው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ሁለት የማይገናኙ መልሶች ያገኛል። ብሎን በተተከለበት ገደል ላይ የሚያተርፈው ሌላ ሰው በሌላ ቀን የሠራው ሥራ ነው። በባህላዊው አወጣጥ የሚያተርፈው መሪው ራሱ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ስለ ዐለቱ የሰጠው ፍርድ ነው። ፍርዱ ትክክል ከሆነ መያዣው ይይዛል፤ ካልሆነ ይነቀላል። የመጀመሪያው መተማመን ተሠርቶ የተቀመጠ ነው፤ ሁለተኛው በየክንዱ ርቀት እንደ አዲስ ይሠራል።

መያዣው የሚገዛበትን ሕግ እንጨት ፈላጭ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሽብልቅ ከሰፊው ወደ ጠባቡ በተገፋ ቁጥር ይጠብቃል። ፈላጩ የሚሻው ግንዱ እንዲሰነጠቅለት ነው፤ ተራራ ወጪው የሚሻው ዐለቱ እንዳይሰነጠቅበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሽብልቆች የተገኙት ከመንገድ ዳር ነበር። በዌልስ ገደሎች ላይ ይወጡ የነበሩ እንግሊዛውያን ጠጠር በኪሳቸው ይዘው ስንጥቅ ውስጥ ይሸጉጡና በገመድ ጠለፋ ያስሩት ነበር። በ1950ዎቹ (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ስኖውደን ተራራ የሚወስደውን የባቡር ሐዲድ ተከትለው ሲሄዱ የወዳደቀ ዳዶ ይለቅሙ ጀመር፤ የውስጡን ጥርስ አጥፍተው ገመድ አሳለፉበት። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተቀረጸ ሽብልቅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ግራና ቀኙ እኩል ለሆነ ስንጥቅ ግን ሽብልቅ አይሆንም፤ የሚጠብበት ቦታ የለውም። ይህን የፈታው አሜሪካዊው ሬይ ጃርዲን ነው። ከ1978 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው መሣሪያው በሞላ የሚከፈቱ ጎባጣ ጥርሶች አሉት። ጉብጠቱ በሎጋሪዝም ቀመር የተሰላ ስለሆነ ስንጥቁ ቢሰፋም ቢጠብም ጥርሱ ከዐለቱ ጋር የሚገናኝበት አንግል አይለወጥም፤ ሁልጊዜ 14 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚህ አንግል የሚወጣው ስሌት ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። ወደ ታች የሚጎትተው ክብደት ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሁለት ሁለት እጥፍ ሆኖ ዐለቱን ይገፋል። ሰውየውን የያዘው ኀይል ዐለቱን ሊገነጥለው የሚችለው ያው ኀይል ነው። መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ድንጋዩ ነው።

ለዚህ ነው መሪው ከመሰካቱ በፊት ዐለቱን በጡጫው የሚመታው። መትቶ ያዳምጣል። ከተራራው ጋር አንድ የሆነ ዐለት አጭርና ደረቅ ድምፅ ይመልሳል፤ ከጀርባው የተላቀቀ ገበታ ግን ባዶነቱን ያሰማል። ስንጥቁ ውስጥ አፈር አለ ወይ? ጠርዙ ተፈርፍሯል ወይ? ከሽብልቁ ስንት እጁ ዐለቱን ነክቷል? ገመዱ ወደ ጎን ቢጎተት ሽብልቁ ይዞራል ወይ? እነዚህን ሁሉ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ፣ ክንዱ ሳይዝል ይመልሳል። ልምድ ያለው ሰው መልሱን በቃላት አያስበውም፤ ጣቱ ያውቀዋል። ይህ ዕውቀት ከመጽሐፍ የማይገኝበት ምክንያት ምሥጢር ስለሆነ አይደለም። ሁለት ስንጥቆች አንድ ዐይነት ስለማይሆኑ ነው።

ዐለትም ሁሉ አንድ ዐይነት መልስ አይሰጥም። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባቱ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ያለችው አዳሚ ቱሉ ይህን ለመመርመር የተመቸች ናት። በሰሜኗ የዝዋይ ሐይቅ፣ በምሥራቋ የአሉቶ እሳተ ገሞራ፣ በደቡቧ ላንጋኖ፣ አብጃታና ሻላ ተዘርግተዋል። ከአሥር ሺህ እስከ አምስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ርጥብ ዘመን አራቱ ሐይቆች አንድ ሐይቅ ነበሩ። ውኃው ከባሕር ወለል በላይ 1670 ሜትር ያህል ደርሶ በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ሞልቶ ይፈስስ ነበር። የዛሬው የዝዋይ ገጽ 1636 ሜትር ገደማ ሲሆን የአዳሚ ቱሉ ሜዳ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ከተማዋ የቆመችበት መሬት እንግዲህ የሐይቅ ወለል ነበር፤ በዙሪያው ከፍ ያሉት ኮረብታዎች ከውኃው ብቅ ያሉ ደሴቶች ነበሩ። ስፍራው ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስምንት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ከታች እንደምናየው ተራራ ወጪዎች በሌሎች የሐሩር ደሴቶች ዳር የሚያገኙት ኖራ ድንጋይ ነው፤ እዚህም የሐሩር ደሴት፣ የውኃ ዳር ገደል፣ ሁሉም ነበረ። ያልነበረው ኖራ ድንጋይ ነው።

ኖራ ድንጋይን የሚያበጀው ባሕር ነው፤ የዛጎልና የኮራል ቅሪት በሚሊዮን ዓመታት ተደራርቦ ሲጠነክር የሚገኝ ዐለት ነው። የስምጥ ሸለቆው ታላቅ ሐይቅ በወለሉ ያስቀረው ሌላ ነገር ነው። በዐይን የማይታዩ የውኃ አልጌዎች የሲሊካ ቅርፊታቸውን ጥለው ያለፉበት፣ ዲያቶማይት የሚባለው ነጭ ደለል በአዳሚ ቱሉ አካባቢ በብዛት ይገኛል። በእጅ ይፈረፈራል፤ ሽብልቅ ሊይዝ ቀርቶ የራሱን ጠርዝ አይይዝም። እሳተ ገሞራዎቹ የተፉት ፑሚስ ደግሞ በአረፋ የተሞላ ስለሆነ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ባልጩት ጥብቅ ነው፤ ሲሰበር ግን ስለት ይሆናል፤ ስለት ደግሞ የገመድ ጠላት ነው። ይህን ስለቱን ሰዎች ከጥንት ያውቁታል። ከዝዋይ በስተምዕራብ ባለው የጋደሞታ ሸንተረር ላይ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ከ270 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። እነርሱን የጠረቡ እጆች ድንጋዩ በየት በኩል እንደሚፈለጥ ሳይመቱት ያውቁ ነበር። ዐለትን የማንበብ ብልኀት በዚህ ሸለቆ ከሰው ዘር ዕድሜ ጋር የሚስተካከል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከእሳተ ገሞራ ዐለቶች ለባህላዊው አወጣጥ የሚመቹት ሲቀዘቅዙ የተኮማተሩት ናቸው። መኮማተሩ ቀጥ ያሉና ጥልቅ ስንጥቆችን ያወጣል፤ ስንጥቁ እጅም ሽብልቅም ይቀበላል። ሸለቆው ወደ ደቡብ ዘልቆ ኬንያ ሲደርስ፣ ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ባለው የሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንዲህ ያሉ ገደሎች አሉ። የኬንያ ተራራ ወጪዎች ክበብ አባላት ለአሥርተ ዓመታት ሽብልቅ እየሰኩና እየነቀሉ ሲወጡባቸው ኖረዋል። በኢትዮጵያው በኩል ሸለቆው በገደል ድኻ አይደለም፤ የሻላ ሐይቅ ራሱ ተራራ ወደ ውስጡ ፈርሶ የተወው ጎድጓዳ ነው፤ ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ዙሪያው በየቦታው ገደል ነው።

ኖራ ድንጋይን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ግን ከሸለቆው ወጥቶ ወደ ደጋው ጫፍ መሄድ አለበት። በጁራሲክ ዘመን ባሕር የዛሬዋን ኢትዮጵያ ብዙ ክፍል ሸፍኖ ነበር። ያ ባሕር የተወው ንጣፍ ዛሬ በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ፣ በመቀሌ ዙሪያ በሕንጣሎ፣ በድሬዳዋና በሐረር፣ በባሌ ይታያል። በባሌ የዌብ ወንዝ ንጣፉን ሰርስሮ የሶፍ ዑመርን ዋሻ አበጅቷል፤ መተላለፊያዎቹ በድምሩ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። ሶፍ ዑመር የኖራ ድንጋይን ጠባይ ሙሉ በሙሉ ያሳያል። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ዐለቱን ሳይሰብር ያሟሟዋል። እሳተ ገሞራ ዐለት ይሰነጠቃል፤ ኖራ ድንጋይ ይቦረቦራል።

ይህ መቦርቦር በሐሩር ደሴት ዳርቻ ላይ እጥፍ ይሆናል። ከላይ ዝናቡ፣ ከታች ማዕበሉ፣ በመካከል ዐለቱን የሚፍቁ የባሕር ቀንድ አውጣዎችና የባሕር ጃርቶች ይሠሩበታል። በውኃው ልክ ላይ ገደሉ ወደ ውስጥ ተበልቶ ጥልቅ ጎድጓዳ ያወጣል፤ በሐሩር ባሕሮች ይህ መበላት በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የላይኛው ግድግዳ ስለዚህ ወደ ባሕሩ ያዘነብላል። ፊቱ ላይ ከዋሻ ጣሪያ የሚንጠለጠሉ ዐይነት የድንጋይ ዓምዶች ይወርዱበታል። ዝናብ ያገኘው ክፍል እንደ ምላጭ ይሳላል። በታይላንድ የክራቢ ዳርቻ፣ በካሪቢያን የካይማን ብራክ ደሴት፣ ለአፍሪካ ቅርብ በሆነችው ማዳጋስካር ሰሜናዊ ጫፍ በኖዚ ሀራ ደሴቶች ተራራ ወጪዎች የሚያገኙት ዐለት ይህ ነው።

እንዲህ ባለ ዐለት ላይ ሽብልቅ ይቸገራል። ስንጥቁ ውስጡ ለስላሳና ጠማማ ነው፤ በሞላ የሚከፈተው መሣሪያም የለሰለሰ ኖራ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ዐለቱ ግን አንድ ሌላ ነገር ይሰጣል። ውኃ ሲቦረቡረው ሁለት ቀዳዳዎች ከውስጥ ይገናኛሉ፤ በመካከላቸው የድንጋይ ድልድይ ይቀራል። መሪው ማሰሪያውን በአንዱ ቀዳዳ አስገብቶ በሌላው ያወጣና ይቋጥራል። ብረት የለም፤ ጥርስ የለም፤ ቋጠሮና ድንጋይ ብቻ። ድልድዩ ክንድ የሚያህል ከሆነ ከየትኛውም ሽብልቅ ይበልጣል፤ ጣት የሚያህል ከሆነ ደግሞ ከሌለ ይቆጠራል። ልዩነቱን የሚወስነው የሰውየው ዐይን ነው። በጀርመን የኤልበ ወንዝ አሸዋ ድንጋይ አምዶች ላይም ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ሕግ ተመሳሳይ ነገር ያዝዛል፤ እዚያ ወጪዎች ስንጥቅ ውስጥ የሚሸጉጡት የገመድ ቋጠሮ ብቻ ነው፤ ለስላሳው ድንጋይ በብረት እንዳይጎዳ የብረት ሽብልቅ ክልክል ነው።

ብረትን ስለመትከልና ስላለመትከል የተደረገው ክርክር ረዥም ዕድሜ አለው። በ1911 ኦስትሪያዊው ፓውል ፕሮይስ ሰው ሠራሽ እርዳታዎችን የሚቃወም ጽሑፍ አሳተመ። ሰው መውጣት ያለበት መውረድ የሚችለውን ብቻ ነው፤ ችንካር ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ነው እንጂ የሥራው መሠረት አይደለም፤ የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነበር። በዚያው ዓመት በጣሊያን ዶሎማይት ካምፓኒሌ ባሶ የሚባለውን አምድ ምሥራቃዊ ፊት ያለ ገመድ ብቻውን ወጥቶ በዚያው ወረደ። የዘመኑ ታላላቅ ወጪዎች መለሱለት፤ ከመካከላቸው ጣሊያናዊው ቲታ ፒያዝ ይህ ትምህርት ወጣቶችን ወደ ሞት ይመራል ብሎ ሰጋ። ፕሮይስ በኦክቶበር 1913 ብቻውን ሲወጣ ወድቆ ሞተ፤ ዕድሜው 27 ነበር።

ሞቱ ክርክሩን ዘጋው ማለት አይቻልም፤ ለሁለት ከፈለው እንጂ። የፕሮይስ ሐሳብ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጣብቀው ነበር፤ አንዱ ለራስ አለመሳሳት፣ ሌላው ለዐለቱ መሳሳት። ቀጥሎ የመጣው ዘመን ሁለቱን ለያቸው። በካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ ሸለቆ ችንካር በመዶሻ እየተመታ ሲገባና ሲወጣ የግራናይቱ ስንጥቆች እየተፈረፈሩ ሰፉ። የራሱን ችንካር በእሳት እየቀጠቀጠ ይሸጥ የነበረው ኢቮን ሹናርድ የገቢው ዋና ምንጭ የሆነውን ዕቃ ለመተው ወሰነ፤ የ1972 የዕቃ ዝርዝሩ በእጅ ብቻ የሚሰኩ የአሉሚኒየም ሽብልቆችን ይዞ ወጣ፤ አብሮም ዐለቱን ሳይጎዱ ስለ መውጣት ዳግ ሮቢንሰን የጻፈው ረዥም ሐተታ ታተመበት። ነጋዴ ገበያውን በገዛ እጁ ዘግቶ ልማድን የለወጠበት አጋጣሚ ብዙ አይገኝም፤ ይህ ሊከበር የሚገባው ነው። ከዚያ በኋላ ባህላዊው ወጪ ያለ ገመድ አይወጣም፤ ነገር ግን ዐለቱንም አይበሳም። ፕሮይስ ያጣበቃቸው ሁለቱ ነገሮች ተለያይተው፣ ሕይወትም ዐለትም የሚጠበቁበት መንገድ ተገኘ።

ብሎን በሌላ በኩል እየተስፋፋ ሄደ። በተለይ ስንጥቅ በሌለው ኖራ ድንጋይ ላይ ያለ ብሎን መውጣት ለጥቂቶች ብቻ የሚሆን አደጋ ስለሆነ በክራቢ፣ በካይማን ብራክ፣ በኖዚ ሀራ የበዛው አወጣጥ በብሎን ሆነ። ብዙ ሺህ ሰዎች የባሕር ገደልን ደስታ ያወቁት በዚህ ነው፤ በዳርቻው የሚኖሩ መንደሮችም እንጀራ አግኝተውበታል። ይህን ማቃለል ተገቢ አይደለም። ተራራው ግን በሌላ መንገድ መለሰ። የማይዝግ የተባለው ብረት በእነዚህ ዳርቻዎች ይሰበር ጀመር። የባሕሩ ጨው ክሎራይድ ያመጣል፤ ሙቀቱ ያነቃዋል፤ ብሎኑ ዐለቱ ውስጥ ተወጥሮ መቀመጡ ደግሞ ስንጥቅ ይከፍትለታል። ስንጥቁ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ላዩ እያብረቀረቀ ልቡ ይበሰብሳል። ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ እንዲይዝ የተሠራ ብሎን ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይቶ በአንድ ሰው ክብደት የተሰበረበት ጊዜ አለ። ዛሬ በታይላንድም በካይማን ብራክም አሮጌዎቹ በቲታኒየም እየተተኩ ነው።

ይህ የኬሚስትሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብሎን የሚሸጠው ዋና ነገር ከመመርመር ነፃ መሆንን ነው፤ ሌላ ሰው መርምሮልሃል፣ አንተ አያይዘህ እለፍ ይላል። የባሕሩ ዳር ይህን ውል ያፈርሳል። የሚያብረቀርቀውን ብሎን ያየ ሰው ከተተከለ ስንት ዓመቱ ነው፣ ከየትኛው ብረት ነው ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል፤ በዐይን አይቶ ግን መልሱን ማግኘት አይችልም። የድንጋይ ድልድይ ሲደክም ይታያል፤ ሽብልቅ በደንብ ካልተቀመጠ ይነቃነቃል። የብሎኑ ድክመት ግን ከሚያየው ሰው ተሰውሯል። ከአደጋዎች ሁሉ የሚከፋው ደኅና መስሎ የሚታየው ነው።

በኢትዮጵያ ገደልን በገመድ መውጣት ከስፖርቱ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል፤ ታላቁ ምስክርም በትግራይ ያለው ደብረ ዳሞ ነው። አምባው በአሸዋ ድንጋይ ገደል የተከበበ ሲሆን መግቢያው 15 ሜትር ያህል የሚሆን ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። ወጪው ሁለት ጠፍር ያገኛል። አንደኛው የተገመደ ወፍራም ጠፍር ነው፤ ይጨብጠዋል፣ እግሩን ከዐለቱ ጋር እያጣላ ይወጣበታል። ሁለተኛው ወገቡ ላይ ይታሰራል፤ ከላይ የተቀመጠ መነኩሴ ወጪው በተነሣ ቁጥር ይስበዋል። መሪና ተከታይ፣ የሚይዝ ገመድና የሚጠብቅ ሰው፣ ከአልፕስ ተራራ ወጪዎች በፊት በዚህ ደጅ ላይ ነበሩ። እህሉም ዕቃውም የሚገባው በገመድ እየተሳበ ነው፤ ሴቶች አይገቡም።

ገዳሙን በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አረጋዊ ናቸው፤ በዓላቸው ጥቅምት 14 ቀን ይከበራል። ገድላቸው ወደ አምባው የወጡት በዘንዶ ጅራት ተይዘው እንደሆነ ይተርካል። ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ የማይታሰብበት የትውፊቱ ሌላ ክፍል ነው። ዐፄ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሠሩ ድንጋዩና እንጨቱ የሚጓዝበት መወጣጫ ከገደሉ ጋር ተያይዞ ተሠራ። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ጻድቁ መወጣጫው እንዲፈርስ ለንጉሡ ነገሩ፤ ፈረሰም። የተሠራ መንገድ፣ ያውም የንጉሥ ሥራ፣ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከዐለቱ ላይ ተነሣ።

ለምን? ከጠላት ለመጠበቅ ነው የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ኢትዮጵያውያን አምባን ለጥበቃ መጠቀምን ያውቁበታል፤ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁባት አምባ ግሸንም ለዚሁ ተመርጣ ነበር። ነገር ግን መልሱ አያልቅም። መወጣጫ ያለው አምባ ማንም ሳያስበው የሚገባበት ኮረብታ ይሆናል። መወጣጫው ሲፈርስ እያንዳንዱ ገቢ ግድግዳው ሥር ቆሞ መወሰን ግድ ይለዋል፤ እጁን ያያል፣ ጠፍሩን ያያል፣ ወደ ላይ ቀና ብሎ የሚስበውን መነኩሴ ያያል። ገደሉ ጥያቄ የመጠየቅ መብቱ ተመለሰለት። የዌልሱ ተከታይ የሰካነውን ሁሉ ነቅዬ ልውጣ ሲል፣ ሹናርድ መዶሻውን ሲያስቀምጥ፣ የሠሩት ይህንኑ ነበር፤ ጻድቁ ግን በ1400 ዓመታት ቀድመዋቸዋል።

ጠፍሩስ ለምን ሳይነሣ ቀረ ብሎ የሚሟገት ሰው ትክክለኛ ነገር ጠይቋል። ጠፍር የሌለበት ዳሞ ለመነኮሳቱ ራሳቸው የማይደረስ ይሆን ነበር፤ ፍጹም ንጽሕናን የሚሻ ሰው መጨረሻው እንደ ፕሮይስ ብቻውን መሆን ነው። ጠፍሩ ከብሎን የሚለየው ግን ብቻውን ባለመተዉ ነው። ቆዳ ነው፤ ሲያረጅ ይታያል፣ ይላጣል፣ በእጅ ይታወቃል፣ ይለወጣል። የወገቡ ጠፍር ደግሞ ያለ ሰው አይሠራም፤ የሚስበው መነኩሴ ከሌለ ወገብ ላይ የታሰረ ቆዳ ብቻ ነው። በዚህ ደጅ ላይ የደኅንነቱ ምንጭ የሆነው ነገር በእያንዳንዱ መውጣት ይታደሳል። የተቋጠረው በዐለት ውስጥ ሳይሆን በሁለት ሰዎች መካከል ነው። ለዚህ ሐተታ ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ቋሚ መሆንና አስተማማኝ መሆን አንድ ነገር አይደሉም።

በገርዓልታ ያለው አቡነ የማታ ጉሕ ይህን በሌላ መልክ ያሳያል። ቤተ ክርስቲያኑ ከቀጥ ያለ አምድ ላይ ተፈልፍሏል። ወደ እርሱ የሚወጣ ሰው በባዶ እግሩ ነው፤ ስፍራው ቅዱስ ነውና፤ ባዶ እግርም አሸዋ ድንጋዩን ከጫማ ይልቅ ይጨብጣል። የእጅና የእግር ማስቀመጫዎቹ በምእመናን መዳፍ ተወልውለዋል። የአካባቢው ሰዎች ለእንግዳው እግሩን የት እንደሚያኖር ያሳዩታል፤ እናቶች ክርስትና ሊያስነሡ ሕፃናትን አዝለው ይወጡታል። እነዚህ እናቶች ራሳቸውን ተራራ ወጪ አይሉም፤ በችሎታቸው ግን ናቸው። በ2007 አሜሪካዊቷ ማይካ በርሃርት ከጓደኞቿ ጋር የገርዓልታን ማማዎች በባህላዊው መንገድ ልትወጣ መጣች፤ ጉዞውን ቨርቲካል ኢትዮጵያ በተባለው መጽሐፏ በ2008 አሳትማዋለች። አሸዋ ድንጋዩ ለስላሳ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጥንካሬውን ያጣል፤ ደረቅ ሆኖ የያዘ ስንጥቅ ርጥብ ሲሆን ይፈርሳል። ለስላሳ አሸዋ ድንጋይ ላይ የሚወጡ ሰዎች ከዝናብ በኋላ ቀናት ይጠብቃሉ፤ ይህ መጠበቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ዐለቱን ማወቅ ነው።

መንገዱን የሚያከብድ ነገር ሁሉ ለሰው ሁሉ በጎ አይደለም። ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ ክንዱ የደከመ ሰው ከገደል ሥር ይቀራል፤ መወጣጫ ሲፈርስ የሚቀሩ ሰዎች መኖራቸውን መካድ ሐሰት ነው። ስለዚህ ባህላዊውን አወጣጥ ለሰው ሁሉ ሕግ ማድረግ አይቻልም። የሚቻለው እያንዳንዱን ገደል ለብቻው መመርመር ነው። የአንዱ ስንጥቅ ሽብልቅ ይቀበላል፤ እዚያ ብሎን መትከል ዐለቱ የሰጠውን አልቀበልም ማለት ነው፤ ይህ ጥፋት ነው። ሌላው ኖራ ድንጋይ ምንም አይሰጥም፤ እዚያ ምርጫው ሁለት ነው፤ በጥንቃቄና በቲታኒየም መትከል፣ ወይም ገደሉን ሳይወጡ መተው። ሁለተኛው ምርጫ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጣሊያናዊው ራይንሆልድ ሜስነር በ1968 በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ በመሰርሰሪያ ሁሉንም ገደል ማሸነፍ የሚቻል ከሆነ የማይቻለው ነገር ይገደላል ብሎ ነበር የተቆጣው። ያልተወጣ ገደል ለሚቀጥለው ትውልድ የሚተው ሀብት ነው፤ የሚቀጥለው ትውልድ ከዛሬው የተሻለ ጣት ሊኖረው ይችላል።

መወሰን ያለባቸውም ወጪዎች ብቻ አይደሉም። በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ከሁሉም ከፍ የምትለው ቱሉ ጉዶ ስትሆን በላይዋ ደብረ ጽዮን ማርያም ትገኛለች። ትውፊት በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ እንደቆየች ይናገራል። የዛይ ሕዝብ በእነዚህ ደሴቶች ላይ ቋንቋውንና ሃይማኖቱን ጠብቆ ኖሯል። ትግራይ ላይ ገደሉ የሠራውን ሥራ እዚህ ውኃው ሠርቶታል። ሰው የተጠለለበትን፣ ጸሎት ያደረሰበትን፣ መቃብሩን ያኖረበትን ዐለት የሚነካ እንግዳ ስንጥቁ ልኬ ነው ወይ ከማለቱ በፊት ባለቤቱ ማን ነው ማለት አለበት። በገርዓልታ ከቄሱና ከመንደሩ ሰው፣ በዝዋይ ከዛይ ሽማግሌዎች፣ በአብጃታ ሻላ ከፓርኩ ጠባቂዎች ጋር ሳይነጋገሩ የሚደረግ መውጣት ሽብልቁን ቢነቅልም ሌላ ጠባሳ ይተዋል።

ባለቤቶቹም ሰዎች ብቻ አይደሉም። በስምጥ ሸለቆው ገደሎች ላይ ጥንብ አንሳዎችና ጭልፊቶች ይፈለፍላሉ፤ በሻላ ደሴቶች ላይ ይብራዎች ሲራቡ ኖረዋል። ጎጆው ውስጥ ጫጩት ያላት ወፍ ሰው ሲጠጋት ትነሣለች፤ እንቁላሉም ጫጩቱም ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል። ዐለት መውጣት በተለመደባቸው ብዙ አገሮች እንዲህ ያለው ገደል በመራቢያው ወራት ይዘጋል፤ ጫጩቶቹ ሲበሩ ይከፈታል። ስምጥ ሸለቆው ውስጥ መሪና ተከታይ ገመዳቸውን ይዘው የሚመጡበት ቀን ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራቸው የጎጆዎቹን ቦታና ወራት ከአካባቢው እረኞች ጠይቆ መመዝገብ ይሆናል።